ሮዳጅ፦ ከ14 እስከ 1,640 ኪሎ ሜትር

14 ኪ.ሜ.

መኪናዋን ዛሬ ተረከብኩ። ቆጣሪው 14 ይላል። እነዚያን 14 ኪሎ ሜትሮች ማን እንደነዳቸው አላውቅም። ከፋብሪካ ወደ ማቆሚያ፣ ከማቆሚያ ወደ ጭነት፣ ከጭነት ወደ መሸጫ ያዘዋወራት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ነድቷታል። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ሳይሞቅ ይመስለኛል። ያለፈው አልፏል፤ ከዚህ በኋላ ያለው በኔ ነው።

ባለ 4 ሲሊንደር፣ 1.5 ሊትር፣ ቤንዚን፣ ማኑዋል ማርሽ። ቱርቦ የላትም። የዙር መቁጠሪያው ቀይ መስመር በደቂቃ 6,500 ዙር ላይ ይጀምራል።

ይህን የሮዳጅ፣ ማለትም አዲስ ሞተርን የማላመድ፣ ማስታወሻ የምይዝበት ምክንያት አለኝ። የበፊቷ መኪናዬ ዘይት ትበላ ነበር። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ሊትር ልትሞላው ምንም አይቀራት። ከሰው እጅ ስለገዛኋት በልጅነቷ ምን እንደደረሰባት አላውቅም። የዚችኛዋን ግን ከመጀመሪያው አውቃለሁ።

14 ኪ.ሜ.፣ ማታ

መመሪያ መጽሐፉን አነበብኩ። ወፍራም ነው። ስለ ሬዲዮው 20 ገጽ አለው፤ ስለ ሮዳጅ ግማሽ ገጽ። እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ፦ ቤንዚን እስከ መጨረሻ አትርገጥ፣ ለረጅም ጊዜ በአንድ ፍጥነት አትንዳ፣ ተጎታች አትጎትት፣ በመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትሮች ድንገተኛ ፍሬን አትያዝ። በቃ። ለምን የሚለውን አላነሳውም።

«በአንድ ፍጥነት አትንዳ» የሚለው ግራ አጋባኝ። ሮዳጅ ማለት ቀስ ብሎ መንዳት ይመስለኝ ነበር። በአንድ ፍጥነት ከመንዳት የበለጠ ምን ቀስታ አለ?

ዘይቷን ለካሁ። ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ። ልክ ከላይኛው ምልክት ላይ ነው። ይህ መነሻዬ ነው።

38 ኪ.ሜ.

የቃጠሎ ሽታ አለ። ቆምኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ምንም የለም። የጭስ ማውጫው ላይ የተቀባው መከላከያ ቅባት ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ሲግል ነው። በሦስተኛው ቀን ጠፋ።

ኮፈኑ እንደተከፈተ አንድ የማከብራቸው መካኒክ ጋ ደወልኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ አዲስ መኪና ገዛሁ። እንዴት ላላምዳት?»

«አንተ እንዴት አሰብክ?»

«በቀስታ። ከ2,000 ዙር ሳላሳልፍ።»

ሳቁብኝ። «እንግዲያው ዘይት የምትበላ ሌላ መኪና አማረህ» አሉኝ።

61 ኪ.ሜ.

ጋሼ ስልክ ላይ የነገሩኝን በራሴ ቋንቋ ልጻፈው። የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ እሱ ነውና።

ሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ፒስተን ላይ ቀለበቶች አሉ። መካኒኮች ፋሻ ይሏቸዋል። በብዙ የመኪና ሞተር ላይ በእያንዳንዱ ፒስተን ሦስት ናቸው፦ ሁለቱ ከላይ ያለውን የፍንዳታ ግፊት ያፍናሉ፣ ሦስተኛው ከታች የሚረጨውን ዘይት ይጠርጋል። ፒስተኑ ራሱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ጥብቅ ብሎ አይነካም፤ መካከላቸው በመቶኛ ሚሊሜትሮች የሚቆጠር ክፍተት አለ። ክፍተቱን የሚዘጋው ፋሻው ነው።

እኔ ፋሻው እንደ ስፕሪንግ በራሱ ጉልበት ግድግዳውን የሚገፋ ይመስለኝ ነበር። ይገፋል፣ ግን በጥቂቱ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፍንዳታው ጋዝ ነው። ጋዙ ከላይ ወርዶ ፋሻው የተቀመጠበት ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ከፋሻው ጀርባ ሆኖ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ብዙ ቤንዚን ስትሰጥ ፍንዳታው ይበረታል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ፋሻው ግድግዳውን አጥብቆ ይይዛል። በትንሹ ስትነዳ ግፊቱ ይላላል፤ ፋሻውም እንደነገሩ ነው የሚነካው።

አዲስ ፋሻና አዲስ ግድግዳ ደግሞ ገና አልተዋወቁም። በዓይን ሲታዩ ልሙጥ ናቸው። በማጉያ ቢታዩ ግን ሁለቱም ጫፍና ሸለቆ አላቸው። የሚነካኩት ጫፍ ለጫፍ ነው። ሮዳጅ ማለት እነዚህ ጫፎች ተፋግተው፣ ማለትም ተሻሽተው፣ እስኪስተካከሉና ፋሻው የዚያን ሲሊንደር ቅርጽ እስኪይዝ ያለው ጊዜ ነው። እንዲፋጉ ደግሞ መጫን አለባቸው። ያለ ግፊት አይፋጉም።

ስለዚህ ለሞተሩ አዝኜ ቤንዚን ስቆጥብለት፣ ያዘንኩለት መስሎኝ ሥራውን እየከለከልኩት ነበር።

120 ኪ.ሜ.

ዛሬ ጋሼ የሚሠሩበት ሄድኩ። አንድ የተፈታ ብሎክ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተር አካል) ጠረጴዛ ላይ ነበር። አዲስ የተሞረደ ነው፣ ገና ፒስተን አልገባበትም። ባትሪ ሰጡኝና «እይ» አሉኝ።

የሲሊንደሩ ግድግዳ መስታወት አይደለም። ጥፍሬን በላዩ ላይ ሳንሸራትት ጭራሽ አይሰማኝም፤ መብራቱን በጎን ሳበራ ግን መስመሮቹ ብቅ አሉ። የሳሱ ጭረቶች ናቸው፤ ግማሾቹ ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ ያዘነበሉ። ሲሻገሩ ትንንሽ አልማዝ መሰል ቅርጾች ይፈጥራሉ። ወንፊት ይመስላል። ሆን ተብሎ የሚሠራ ነው፤ ሥራው ሆኒንግ ይባላል። የሚሽከረከር የመሞረጃ ድንጋይ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ያወጣዋል።

«ለምን አልተለሰለሰም?» አልኳቸው።

«ዘይቱ የት ይቀመጥ?» አሉኝ።

ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ። ፋሻው ሲያልፍ የያዙትን ይሰጡታል። ጫፎቹ ሲፋጉ አናታቸው ጠፍጠፍ ይላል፣ ሸለቆዎቹ ግን ይቀራሉ። የሚፈለገው ይኸው ነው፦ ከላይ ሜዳ፣ ከሥር ቦይ። ጫፎቹ ሳይፋጉ ብዙ ጊዜ ካለፈስ? በላላው ፋሻ ሥር ሾልኮ የሚወጣው ዘይት ግድግዳው ላይ ይቃጠላል። እየተቃጠለ እንደ ቫርኒሽ ይለጥፋል። ሸለቆዎቹ ይደፈናሉ፣ ግድግዳው የመስታወት ያህል ያብለጨልጫል። ፋሻው ከዚያ በኋላ ይንሸራተታል እንጂ አይሞርድም። ጋሼ እንዲህ ያለ ብሎክም አሳዩኝ፤ ከጄኔሬተር የወጣ ነው፣ ኖሮ ኖሮ ያለ ጭነት የሠራ። ሲያዩት ያምራል። መድኃኒቱ ሞተሩን ፈትቶ እንደገና መሞረድ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ችግር ናፍጣ ሞተር ላይ ይብሳል። ናፍጣ ቆሞ ማሠራትን አይወድም፣ መጫን ይፈልጋል።

126 ኪ.ሜ.

የተማርኩትን ሞከርኩ። ባዶ መንገድ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ። ሦስተኛ ማርሽ። ከ2,000 ዙር ተነስቼ ፔዳሉን ከግማሽ ትንሽ አልፌ ረገጥኩ፤ እስከ 3,500። ከዚያ እግሬን ሙሉ በሙሉ አነሳሁ። ማርሹን አላወጣሁም፤ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እንዲይዛት ተውኩ። 2,000 ሲደርስ እንደገና። አንድ ደቂቃ ያህል በሰላም ነድቼ ደግሞ እንደገና። አሥር ጊዜ።

እግር ማንሳቱ ለጌጥ አይደለም። ፔዳሉን ስትለቅ የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የሚስበው አየር ያጣል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው መምጠጥ ከታች ዘይት ወደ ፋሻዎቹ ይስባል። ዘይቱ ያቀዘቅዛቸዋል፣ የተፋገውንም የብረት ብናኝ ያጥባል። መጫን፣ መልቀቅ፣ መጫን፣ መልቀቅ። መጽሐፉ «ፍጥነት አቀያይር» ሲል ለካ ይህን ማለቱ ነው።

ከኋላዬ የነበረው ሹፌር ግን መንዳት የጀመርኩ ዛሬ ሳይመስለው አልቀረም። ጥሩምባ ነፍቶ አለፈኝ።

175 ኪ.ሜ.

ፍሬኑ ዛሬ ተለወጠ። ትናንት ስረግጠው እንጨት እንጨት ይል ነበር፤ ዛሬ ቶሎ ይይዛል። አዲስ የፍሬን ሸራ ከዲስኩ ጋር ገጥሞ አይመጣም። ከሸራው የሚወጣ ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ እኩል እስኪለጠፍ ድረስ ረጋ ያሉ ፍሬኖች ያስፈልጉታል። ጎማውም እንደዚያው፤ ከቅርጽ ማውጫው ጋር እንዳይጣበቅ የሚቀባው ነገር ላዩ ላይ ስለሚቀር መጀመሪያ ላይ ያንሸራትታል፣ በተለይ እርጥብ መንገድ ላይ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ጎረቤቴ የኔን ማስታወሻ አይቶ ሲስቅ ነበር። ሞተሩ ፋሻ የለውም፤ እውነቱን ነው። ጎማና ፍሬን ግን አለው። እንዲያውም መኪናው ራሱ ኃይል እየመለሰ ስለሚያቆምለት ሸራውን ብዙም አይነካውም፤ ስለዚህ የሱ ፍሬን ሳይላመድ ብዙ ሊቆይ ይችላል። ይህን ስነግረው ሳቁ ቀነሰ።

262 ኪ.ሜ.

ተሳሳትኩ። ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ነበር። ደክሞኛል። ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘውን ክሩዝ ኮንትሮል 80 ላይ አድርጌ፣ አምስተኛ ማርሽ፣ ወሬዬን ጀመርኩ። ትዝ ያለኝ ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። 40 ደቂቃ ሙሉ አንድ ዙር፣ አንድ ዓይነት ቀላል ጭነት። ከዚህ የባሰ ማላመድ የለም፤ ምቾቱ ደግሞ ለጉድ ነው።

ለጋሼ በጽሑፍ መልእክት ተናዘዝኩ። «አልሞተም» ብለው መለሱልኝ። የቀረውን መንገድ አራተኛ ማርሽ ላይ ከ60 እስከ 90 እየወጣሁ እየወረድኩ ጨረስኩ። አብራኝ የነበረችው እህቴ ማቅለሽለሽ ጀመራት።

340 ኪ.ሜ.

ሁለተኛ ስህተት። ይኼኛው የባሰ ነው።

ሩቅ ደርሼ ስመለስ ቆምኩና ዘይት ለካሁ። ከታችኛው ምልክት በታች! ልቤ ወረደ። 350 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ሊትር ዘይት? ለዚሁ ብዬ ከያዝኩት ዘይት በግምት 400 ሚሊ ሊትር ሞላሁ።

341 ኪ.ሜ.፣ ጠዋት

ሜዳ ላይ፣ ቀዝቅዞ ለካሁ። ከላይኛው ምልክት በላይ ነው፣ ያውም በደንብ።

ትናንት የቆምኩት ቁልቁለት ላይ ነበር። ሞተሩን እንዳጠፋሁም ወዲያው ነው መለኪያውን የመዘዝኩት። ዘይቱ ገና ላይ ነበር፦ ቫልቮቹ አካባቢ፣ ቦዮቹ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ። ወደ ቋቱ ለመውረድ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ቁልቁለቱ ደግሞ የወረደውንም ከመለኪያው አርቆታል። መጽሐፉ ይህን ሁሉ ጽፎታል። አንብቤውም ነበር።

ትርፍ ዘይት ሀብት አይደለም። ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሲሽከረከር ከደረሰበት ይመታዋል፤ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ደግሞ እንደ ዘይት አያለሰልስም። በትልቅ መርፌና በቀጭን ቱቦ በመለኪያው ቀዳዳ በኩል መጠጥኩት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ አንድ ሸሚዝም እንዲሁ። ልክ ከላይኛው ምልክት ላይ መለስኩት። አዲሱ መነሻዬ ይህ ነው፦ 341።

430 ኪ.ሜ.

የእህቴ ባል ነድቶ ሊያያት ፈለገ። እሱ ደግሞ የራሱ ሃይማኖት አለው። «ሞተር በልጅነቱ ያስለመድከውን ነው የሚይዘው። በቀስታ ካስለመድከው ዕድሜውን ሙሉ ደካማ ይሆናል። ስጠው!» ብሎ ፔዳሉ ላይ ሊቆም ምንም አልቀረው። ሞተሩ የሞቀው ለሁለት ደቂቃ ነበር። አስቆምኩት፤ ተኮራረፍን።

ነገሩ ግማሽ እውነት ስላለው ነው የሚያናድደኝ። ፋሻ ግፊት ይፈልጋል፣ አዎ። ብረት ግን አይለምድም፤ ትዝታ የለውም። የሚለምደው ኮምፒውተሩ ነው፤ የነዳጅ መጠን ያስተካክላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ያላቸው ላይ ደግሞ የማርሽ አቀያየሩንም ከነጂው ጋር ያስማማል። እሱ ግን ባትሪ ቢነቀል ሊረሳው ይችላል፤ የሮዳጅ ጉዳይ አይደለም።

ከፋሻው ሌላ ደግሞ ሌሎች የሚላመዱ አሉ። ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸው ቤሪንጎች፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ጥርሶች። እነዚህ የሚፈልጉት ሙቀት እንዳይበዛባቸው ነው። አዲስ ጥርስ ከአዲስ ጥርስ ሲነካካ ጫፎቹ ላይ ይግላል። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እስከ ቀይ መስመር የሚሉትን የማልከተለው። ለአንዱ ያሰቡለት መስሏቸው ሌላውን ይረሱታል።

445 ኪ.ሜ.

አምስተኛ ማርሽ ላይ በ40 ስነዳ ራሴን ያዝኩት። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። ይህም የደግነቴ ውጤት ነው፤ ዙር ዝቅ ሲል ሞተሩ የሚያርፍ ይመስለኛል። አያርፍም። ዝቅ ባለ ዙር ከባድ ጭነት ሲሆን ቤሪንጎቹ ላይ ያለው የዘይት ሽፋን ይሳሳል። ከፍ ያለ ዙር ሽፋኑን ያወፍረዋል። ማርሽ አወረድኩ፣ መንቀጥቀጡ ቆመ።

520 ኪ.ሜ.

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሒሳብ ሠራሁ። አማካይ ፍጥነቴ በሰዓት 50 ነው ብንል 1,000 ኪሎ ሜትር 20 ሰዓት ይፈጃል። አማካይ ዙር 2,000 ቢሆን፣ በአንድ ዙር ፒስተኑ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል፤ በደቂቃ 4,000 ጉዞ ነው። በ20 ሰዓት 4.8 ሚሊዮን። አንዱ ጉዞ 9 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እያንዳንዱ ፋሻ ግድግዳው ላይ ተሻሽቶ የሚሄደው 432 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። እኔ 1,000 ስነዳ እሱ በዚያች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ 432 ይነዳል።

ከዚህ በኋላ ነው 1,000 የሚለው ቁጥር ትርጉም የሰጠኝ።

610 ኪ.ሜ.

ዘይት፦ ሜዳ፣ ቀዝቃዛ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ካለው ቦታ አንድ አምስተኛው ወርዷል። በኔ መኪና ከላይኛው እስከ ታችኛው 1 ሊትር ስለሆነ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። አልሞላሁም። ምልክቱን በእስክሪብቶ ስዬ አስቀመጥኩ።

655 ኪ.ሜ.

የሌሎች ፋብሪካዎችን መመሪያ ሳገላብጥ አመሸሁ። አይስማሙም፤ ደስ ያለኝም ይኸው ነው። ብዙ የቶዮታ መመሪያዎች 1,000 ኪሎ ሜትር ይላሉ፣ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ አትንዳ የሚለውንም ያነሳሉ። የቢኤምደብሊው ኤም መኪናዎች እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ከ5,500 ዙርና ከ170 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፍ ይላሉ፤ 2,000 ላይ ዘይቱ ይቀየራል። ሆንዳ ደግሞ በተቃራኒው፦ ከፋብሪካ የመጣውን ዘይት ጊዜው ሳይደርስ አትቀይር ይላል።

በቁጥሩ ይለያያሉ እንጂ አንዱም «ዝም ብለህ እንደፈለግክ ንዳ» አይልም። የዘመኑ ማሽኖች ግድግዳውን ሲሞርዱ ከፊሉን ጫፍ ራሳቸው ይቆርጡታል፤ ብዙ ፋብሪካም ሞተሩን ያለ ነዳጅ በኤሌክትሪክ እያዞረ ይፈትሸዋል። የሮዳጁ ሥራ ድሮ ከነበረው ቀንሷል። አልጠፋም።

800 ኪ.ሜ.

ሳምንቱን ሙሉ አጭር አጭር ጉዞ። 3 ኪሎ ሜትር ሄዶ ማጥፋት፣ 2 ኪሎ ሜትር ሄዶ ማጥፋት። ዳሽቦርዱ ላይ የውሃው ሙቀት በ6 ደቂቃ 90 ይደርሳል። የዘይቱ ሙቀት ግን 80 ለመድረስ 14 ደቂቃ ፈጀበት። ውሃው ሞቀ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም። ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን በዛ ተደርጎ ነው የሚሰጠው፤ ከፊሉ ሳይቃጠል በግድግዳው ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ያቀጥነዋል። ፋሻው ገና በደንብ ባልዘጋ ሞተር ላይ ይህ ይብሳል።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ያህል ረጅም ዳገት ያለበት መንገድ ላይ ይዣት ወጣሁ። ዳገት ግሩም ነው፤ ሳትከንፍ ጭነት ይሰጥሃል።

905 ኪ.ሜ.

ቁም ሣጥን እንድጭን ተጠየቅኩ። «ሮዳጅ ላይ ናት» አልኩ። ሰበብ ነው ብለው ያሙኝ እንደሆነ አላውቅም። ለነገሩ ትንሽ ሰበብም ነበረበት።

1,003 ኪ.ሜ.

መጽሐፉ የሚለው ቁጥር ሞላ። ምንም ደወል አልተደወለም። ዘይት፦ ከ610 ምልክት ላይ ንቅንቅ አላለም።

ከዛሬ ጀምሮ በየ50 ኪሎ ሜትሩ 500 ዙር እየጨመርኩ እሄዳለሁ። ይህ የኔ ፈጠራ ነው፣ መጽሐፉ አይልም።

1,200 ኪ.ሜ.

ዘይት ቀየርኩ። የኔ መመሪያ አያዝም፣ አይከለክልምም፤ መጀመሪያ አጣራሁ። ጋሼ ጋ ሄደን አብረን ሠራነው። ውፍረቱ ፋብሪካው ያዘዘው ያው ነው።

ቡሎኑ ሲፈታ የወረደው ዘይት ጥቁር አልነበረም። ቡናማ ነው። ፀሐይ ላይ ስናወጣው ግን ውስጡ የሚያብለጨልጭ ነገር አየሁ። የዓሣ ቅርፊት ዱቄት ይመስላል። እጄን ነክሬ በሁለት ጣቴ አሸሁት፤ ምንም አይቆረቁርም፣ ዓይን ብቻ ነው የሚያየው።

ከዚያ ፊልትሮውን ልክፈተው አልኩና የብረት መጋዝ አነሳሁ። ጋሼ እጄን ያዙኝ። «በመጋዝ ከቆረጥከው የምታየው የመጋዙን ብናኝ ነው» አሉኝ። እንደ ቆርቆሮ መክፈቻ ዙሪያውን የሚቆርጥ መሣሪያ አላቸው። በሱ ከፈቱት። ውስጡ ያለውን የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተን በጨርቅ መሐል ጨመቅነውና ነጭ ወረቀት ላይ ዘረጋነው። እጥፋቶቹ መሐል ብር ብር የሚሉ ነጥቦች አሉ። ጋሼ ማግኔት በስስ ላስቲክ ጠቅልለው አስጠጉ። ከፊሉ ዘለለ፤ ብረት ነው፣ ከፋሻና ከግድግዳ። ከፊሉ ንቅንቅ አላለም፤ አሉሚኒየም ነው፣ ፒስተኑ አካባቢ። አንድ ቦታ ላይ እንደ ክር ቀጭን ጥቁር ላስቲክ አገኘን። ሞተሩ ሲገጠም ለማሸጊያ ከተቀባው ሲሊኮን የተረፈ ነው።

«ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»

«ዱቄት ነው። ዱቄት ደኅና ነው። ስንጥር ብታይ፣ የሚወጋ ብታይ ያኔ ትደነግጣለህ።»

ወረቀቱን አጣጥፌ ቤት ወሰድኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

1,410 ኪ.ሜ.

የእህቴ ባል ደውሎ «ዘይቱን ቀየርከው አሉ» አለኝ። ፎቶ ላክሁለት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «እኔስ የኔን 1,200 ላይ ብከፍተው ምን አገኝ ነበር?» አለ። የሱ አሁን 90,000 አልፏል።

1,588 ኪ.ሜ.

ቀኝ መስመር ላይ ረጅም የጭነት መኪና ነበር። ከፊቴ መንገዱ ባዶ። ሦስተኛ ማርሽ፣ ዘይቱ 92 ዲግሪ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፔዳሉን ወለል አስነካሁት። 4,000፣ 5,000፣ 6,000። ድምፅዋ ሌላ ነው፤ ይህን ሁሉ ሳምንት አብሬያት የከረምኳት አትመስልም። አለፍኩ፣ እግሬን አነሳሁ፣ አራተኛ አስገባሁ። በኋላ መመልከቻ ጭስ ፈለግኩ፤ የለም።

1,640 ኪ.ሜ.

ጠዋት። ሜዳ፣ ቀዝቃዛ። መለኪያውን ጠርጌ፣ ከትቼ፣ አወጣሁት። 1,200 ላይ ከተውኩት ቦታ፣ ከላይኛው ምልክት ላይ ነው። ደግሜ ጠረግኩና እንደገና ከተትኩ፤ ያው ነው። ቀጣዩ የዘይት ለውጥ 10,000 ላይ።